መንገድ የዘጋው የቅጠል ክምር

እናንተን ግን ገጥሟችሁ ያውቃል? የናፈቃችሁት ሰው ቶሎ እንዲመጣ ብላችሁ ያደረጋችሁት ነገር ራሱ መንገዱን ዘግቶበት ያውቃል? እኛን ገጥሞናል። ለአባባል ያህል አይደለም፣ መንገዱ የእውነት ነው የተዘጋው። የዘጋነው ደግሞ እኔ፣ አምስት ዓመት ያልሞላት ልጄ፣ አፉን በቅጡ ያልፈታው ታናሽ ወንድሟና አከራያችን ነን። ድንጋይ አልደረደርንም፣ ግንድ አላጋደምንም። የባህር ዛፍ ቅጠል ብቻ በቃን።

አስተማሪ ነኝና ከመጀመሪያው ካልጀመርኩ አይሆንልኝም።

ያኔ የምንኖረው ከቡራዩ ወጣ ብሎ፣ ወደ ገፈርሳ በሚወስደው ዋና መንገድ በስተቀኝ ነበር። ከአዲስ አበባ የወጣነው ልጆቹ የሚሮጡበት ግቢ ፍለጋ ሲሆን፣ ያገኘነው ግቢም ከመሮጥ አልፎ የሚያስጠፋ ነበር። ከኋላ ባህር ዛፍ፣ ከፊት የአከራያችን የገብስ ማሳ፣ መሐሉ ላይ ዶሮዎች። አከራያችን ጠና ያሉ ገበሬ ናቸው። ልጆቼ «ኦቦ»፣ ማለትም «አቶ»፣ ብቻ ነበር የሚሏቸው፤ ሌላ ስም ያላቸው አይመስላቸውም ነበር። እሳቸው ደግሞ እኔን «ባርሲሳ» ይሉኛል፤ በኦሮምኛ አስተማሪ ማለት ነው። ባለቤቴ አዲስ አበባ መሐል አንድ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ጠዋት በታክሲ ትሄዳለች፣ ማታ በታክሲ ትመለሳለች። እኔ እዚያው ቡራዩ ሳይንስ አስተምራለሁ።

የዚያ ዓመት ኅዳር ግን ታክሲም ትምህርትም እንደ ልብ አልነበረም። አዲስ አበባን በዙሪያዋ ካሉት ከተሞች ጋር ያያይዛል የተባለው ማስተር ፕላን ተቃውሞ አስነስቶ፣ የእኛ መንገድ አንድ ቀን ይከፈታል፣ በማግስቱ ጎማ ይቃጠልበታል። ኢንተርኔት ጠፍቷል፤ ስልክ ግን አልፎ አልፎ ይሠራል። ትምህርት ቤታችንም «እስኪረጋጋ» ተብሎ ተዘጋ።

እንግዲህ ሥራ የፈታ አስተማሪና ሁለት ሕፃናት አንድ ግቢ ውስጥ ቀርተዋል። ምን ይደረጋል? እኔ እንደሆንኩ ያለ ሥርዓት መኖር አልችልም። የክፍለ ጊዜ ሰሌዳ አወጣሁ። ልጄ ወዲያው ራሷን ርዕሰ መምህር አድርጋ ሾመች፤ ደወሉም የድስት ክዳን ሆነ።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ውርጭ ነው። የኅዳርን ጠዋት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሣሩ ላይ ስኳር የተነሰነሰ ይመስላል። ሦስታችንም ተጀቡነን እንወጣለን። ልጄ አፏን ከፍታ ትተነፍስና ጭስ ሲወጣት ትደነግጣለች።

«አባዬ፣ ሆዴ ውስጥ እሳት አለ እንዴ?»

«የለም የኔ ቆንጆ። ትንፋሽሽ ውስጥ ውሃ አለ። በዓይን የማይታይ ውሃ። ውጪ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ...»

ማብራሪያዬን ስጨርስ ፀሐይ ወጥታ ውርጩን ጨርሳዋለች። ርዕሰ መምህሯ ክዳኑን ትደበድባለች፤ «ጊዜው አልቋል! አስተማሪው ብዙ ያወራል!»

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ የዶሮ ነው። ይሄ የወንድሟ የትምህርት ዓይነት ነው። ያ ልጅ አማርኛና ኦሮምኛ ሳይለይ ከሁለቱም የሚቀለውን እየመረጠ ነው የሚናገረው። ውሃ ለእሱ «ቢሻን» ነው፤ «ና» ማለት ደግሞ «ኮቱ»። ገብሱን በጭብጡ ይይዝና «ኮቱ! ኮቱ!» እያለ ያሳድዳቸዋል። ዶሮዎቹ ይሸሻሉ። እሱም የሚሸሹት ስላልሰሙት እየመሰለው የበለጠ ይጮኻል።

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ግን፣ የቀኑ ሁሉ ንጉሥ፣ ቅጠል መልቀም ነው። ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት እንይዛለን። ስንሄድ ከረጢቱ ውስጥ የሚቀመጠው ልጁ ነው፤ ስንመለስ ቅጠሉ። ባህር ዛፍ በዚያ ሰሞን ቅጠሉን ያረግፋል፤ ፍሬዎቹም ከሥሩ ይበተናሉ። ጠንካራና እንደ ሸሚዝ ቁልፍ የተቆረጡ ናቸው፤ በጣትና በጣት መሐል ካሾርካቸው ይሽከረከራሉ። ልጄ አንዷን አሹራ እስክትወድቅ ሳትተነፍስ ትጠብቃለች፤ ከዚያ ታጨበጭባለች፤ ለራሷ ሳይሆን ለፍሬዋ።

ወደ መንገዱ በሚያወርደው ቁልቁለት ላይ ደግሞ አንድ ቀን ትልቅ ግኝት ላይ ደረስን። ከረጢቱን በቅጠል እስከ ግማሽ ሞልተህ ከተቀመጥክበት ይንሸራተታል! መጀመሪያ ልጆቹ ተንሸራተቱ። ቀጥሎ ልጆቹን ይዤ እኔ ተንሸራተትኩ። በኋላ፣ ልጆቹን ሳልይዝ ተንሸራተትኩ። ታች ስደርስ ካልሲዬ ውስጥ ቅጠል፣ ጸጉሬ ላይ ቅጠል ሆኜ አንድ ሚኒባስ ፊት አረፍኩ። ሾፌሩ ልጁን የማስተምርለት ሰው ነበር። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ትንሽ አየኝ።

«መምህር፣ ትምህርት የለም አላሉንም?»

«የተግባር ትምህርት ነው» አልኩ፣ ቅጠል ከአፌ እያወጣሁ።

የለቀምነውን ሁሉ ግቢያችን ውስጥ፣ ከበሩ ጎን እናከማቻለን። ክምሩ ከልጁ በለጠ፣ ከልጅቷ በለጠ፣ አንድ ቀን ወገቤ ላይ ደረሰ። ዓላማው ምን እንደሆነ ላስረዳ። ኅዳር በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን አዲስ አበባና ዙሪያዋ ያለ ቤት ሁሉ ግቢውን ጠርጎ ቆሻሻውን ያቃጥላል። ድሮ በዚሁ ወር ብዙ ሰው የጨረሰ በሽታ ገብቶ፣ ያኔ ከተማው እንዲታጠን ተደርጎ ነው የቀረው ይባላል። ኅዳር ሲታጠን የምንለው ይህንኑ ነው። በዚያ ጠዋት አገሩ ሁሉ በጭስ ይሸፈናል፤ ማንም ጭስ አይቶ አይደነግጥም። በዚያ ጠዋት ነው ያልኩት። «ጠዋት» የምትለዋን ያዙልኝ፤ በኋላ ታስፈልገናለች።

ክምሩ የእናትየው ነበር። ተስማምተናል። «ክብሪቱን የምጭረው እኔ ነኝ» ብላለች ባለቤቴ፤ «እኔ በሌለሁበት የሚነካው ሰው እራት የለውም።» ልጄ ይህንን ቃል እንደ አዋጅ ይዛ፣ ዱላ አንስታ ክምሩን ትጠብቅ ነበር። ዶሮ እንኳ አያልፍም።

ኦቦም ከእኛ ጋር ይውሉ ነበር። ገብሱ ታጭዷል፤ መንገድ ዝግ ስለሆነ ገበያ አይሄዱም። ከግቢው ጫፍ ካለ ዛፍ ላይ ለልጆቹ ዥዋዥዌ ይሆን ዘንድ ያሰሩት አሮጌ ጎማ ነበር። አንድ ቀን ፈትተው ጭድ ውስጥ ቀበሩት። ልጄ ወገቧን ይዛ መጣች።

«ኦቦ፣ ጎማዬን ለምን ደበቁብኝ?»

«የኔ ልጅ፣ በዚህ ሰሞን ጎማ ደጅ አይታይም» አሏት። «የሚያቃጥለውም ይጠይቃል፣ የሚያጠፋውም ይጠይቃል። እኔ ለሁለቱም መልስ የለኝ።»

ጎማዋን ያጣች ልጅ ሌላ ጨዋታ ፈጠረች። በዱላዋ መሬቱን ከዳር እስከ ዳር ማስመር ጀመረች። ኦቦ ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ማስተር ፕላን ነው» አለች። ከየት እንደሰማችው አትጠይቁኝ፤ በዚያ ሰሞን ያልሰማ ጆሮ አልነበረም። «ይሄ መንገድ ነው። ይሄ ኮንዶሚኒየም ነው። ይሄ ደግሞ ትልቅ ኬክ ቤት ነው።»

«የዶሮዎቹ ቤትስ? መንገዱ እኮ መሐሉ ላይ ነው የገባበት።»

«እሱ ይነሳል።»

«ወዴት?»

አሰበች። «ወደ ሱሉልታ።»

ኦቦ እስኪያስላቸው ሳቁ። በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና ማሳቸውን አዩ፤ ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ባርሲሳ፣ ለዶሮዎቹ ግን ማን ነገራቸው?» አሉኝ።

ልጄ ወዲያው ዱላዋን ጥላ ለዶሮዎቹ ልትነግራቸው ሄደች፤ ወንድሟም ሊያስተረጉም ተከተላት።

ታዲያ ኅዳር አሥራ ሁለት ሲቃረብ ባለቤቴ ሥራ እንደሄደች ቀረች። ከሰዓት በኋላ መንገዱ ተዘጋ። እህቷ ቤት አደረች። በማግስቱም አልተከፈተም። ትልቋ «ሥራ በዝቶባት ነው» ብላ እኔን ታጽናናለች። ትንሹ ግን ማጽናኛ አይገባውም። የእናቱን ሹራብ ታቅፎ ይተኛል። ሲመሽ ደግሞ ጫማውን በእጁ ይዞ በሩ ጋ ይቆማል፤ ለምን በእጁ እንደሚይዘው አላውቅም፣ ምናልባት የምታደርግለት እሷ ስለሆነች ይሆናል። ወደ መንገዱ እያየ «ኮቱ» ይላል። ዶሮዎቹን በሚጠራበት ድምፅ አይደለም፤ ቀስ ብሎ ነው።

ኅዳር አሥራ ሁለት ደረሰ። ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ ታጠነ። የጎረቤት ጭስ በአጥራችን ላይ እየተንከባለለ ገባ፤ ሦስታችንም አስነጠሰን። ያልተለኮሰው የእኛ ክምር ብቻ ነበር። ኦቦ መጥተው «ባርሲሳ፣ እናንተ ቤት በሽታው ሊቀር ነው እንዴ?» ሲሉ ልጄ ዱላዋን አግድማ ቆመች።

«እማዬ ሳትመጣ አይለኮስም!»

ቀትር አለፈ። የሰፈሩ ጭስ ጠራ። ሰማዩ እንደታጠበ ሳህን ሆነ። ነፋስ የሚባል አልነበረም። በዚያ ጊዜ ስልኬ ጮኸ።

«ተከፈተ!» አለች ባለቤቴ። ከኋላዋ ወያላ ይጣራል። «አስኮ ነኝ! ታክሲ ውስጥ ገብቻለሁ!»

«መጣች!» ብዬ ጮህኩ። ልጄ ጮኸች። ትንሹም ምን እንደሆነ ሳያውቅ ከሁላችን በላይ ጮኸ።

«ስማኝ እንጂ! ሾፌሩ ይሄ የመጨረሻው ነው፣ ከዚህ በኋላ አልወጣም ብሏል። ይሄ ካመለጠኝ ዛሬም አልመጣም። ግን አያመልጠኝም፤ መሐል ወንበር ላይ ነኝ፣ ማንም አያወርደኝም!»

ስልኩ ተዘጋ። ግቢው ሠርግ ቤት ሆነ። አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ ከነገርኳችሁ በኋላ አትፍረዱብኝ። ጭሱን አሁን ብንለቀው፣ እናታቸው ከታክሲው መስኮት ከሩቅ ታየዋለች! «ያውና ቤቴ!» ትላለች። ልጄ መጀመሪያ ተቃወመች፤ አዋጅ አዋጅ ነው። ተደራደርን። ክምሩን ለሁለት እንከፍላለን። አንዱ ለአቀባበል ይጨሳል፤ ሌላው እሷ እስክትመጣ ይጠብቃል። ተስማማች፣ ግን የእናቷ ክምር ትልቁ እንዲሆን አደረገች።

አሁን ሳይንሱ ይመጣል። ልጆች ሆይ፣ አልኳቸው፣ ደረቅ ቅጠል ቶሎ ይነድዳል፤ ጭሱ ግን ጥቂት ነው። እርጥብ ቅጠል ሲሞቅ ውስጡ ያለው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ይወጣል፣ ጭሱም ነጭና ወፍራም ይሆናል። የጎማ ጭስ ጥቁር ነው፤ የቅጠል ጭስ ነጭ ነው። ይህንን ባለቤቴ እራት ላይ ብዙ ጊዜ ሰምታዋለች፤ ደረቁን ታች፣ እርጥቡን ላይ። ኦቦ ከባህር ዛፉ ለምለም ቅርንጫፍ ቆርጠው አመጡ። ፍሙ ውስጥ የምንቀብረው ድንች ጨመርን። ክብሪቱን ጫርኩ።

እንዲህ ያለ ጭስ አይቼ አላውቅም። እንደ ግንብ ቀጥ ብሎ ወጣ። ከባህር ዛፎቹ በላይ ወጣ፣ ከዚያም በላይ። ልጆቹ ዙሪያውን እየዞሩ ጨፈሩ። እኔም ጨፈርኩ። ኦቦ በዱላቸው መሬት እየመቱ ምቱን ያዙልን።

ስልኬ ዳግመኛ ጮኸ።

«ደረስሽ?»

«ምን እደርሳለሁ!» ድምጿ ተቀይሯል። «ከታ ሰፈር ላይ ቆመናል። ሾፌሩ አልሄድም አለ። ሊመለስ ነው።»

«ለምን?»

«ከፊት ለፊት መንገድ ተዘግቷል። እሳት አለ።»

በአጥሩ ላይ ተንጠራርቼ መንገዱን አየሁት። አንዲት ሴት የተጫነ አህያ ትነዳለች። «እኔ እያየሁት ነው» አልኳት። «አንድ አህያ ብቻ ነው ያለው።»

«ኸረ ጭሱ ይታየናል! ሰዉ ሁሉ ወርዶ እያየ ነው፤ አንድ እናት ማልቀስ ጀምረዋል። ጠዋት ቢሆን የኅዳር ነው እንል ነበር፣ በዚህ ሰዓት ማን ያጥናል? ደግሞ የኛ ሰፈር ነው! ልጆቹን ቤት አስገባና በሩን ዝጋ!»

«የት ጋ ነው የሚታይሽ?»

«ከከተማው ወጥቶ በቀኝ በኩል። ባህር ዛፎቹ ጋ።»

ቀስ ብዬ ወደኋላዬ ዞርኩ።

«ጥቁር ነው ነጭ?» አልኩ።

«ምኑ?»

«ጭሱ።»

ከኋላዋ የሾፌሩ «ግቡ፣ እንመለስ!» ይሰማል።

«ነጭ ነው» አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «በጣም ነጭ ነው።»

«እንደ ግንብ ቀጥ ያለ?»

«አንተ!»

ወያላው በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል፤ «ሲስተር፣ ግቢ እንጂ! ምን አሉሽ?»

«ባለቤቴ ነው» አለችው።

«ባለቤትሽ ምን አለ?»

«ያ ጭስ ባለቤቴ ነው።»

«ኧረ ጉድ! መንገድ የዘጋው ባልሽ ነው?»

መስመሩ ተቋረጠ። ደጋግሜ ደወልኩ፣ አይገባም።

«ማል ተኤ?» አሉኝ ኦቦ። ምን ሆነ ማለታቸው ነው።

«ይኸውልዎት፣ ጠዋት ቢሆን ኖሮ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ጭስ ነበር፤ አሁን ግን የሌላው ሁሉ ስለጠራ፣ ከታ ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው...»

«ባርሲሳ! ማስረዳቱን ለነገ አቆየውና ውሃውን ስጠኝ!»

የገፈርሳ ግድብ ጎረቤት ነን፤ ቧንቧችን ግን ሲፈልግ ነው የሚመጣው። ያለን ጀሪካን ነው። ኦቦ አንዱን አነሱ፣ እኔ ሌላውን። ትንሹ «ቢሻን! ቢሻን!» እያለ የእጅ ማስታጠቢያውን ማንቆርቆሪያ ይዞ ሮጠ፤ እሳቱ ጋ ሲደርስ የቀረው ጠብታ ነበር። ደፋነው። ታውቃላችሁ፣ የጋለ ቅጠል ላይ ውሃ ሲደፋ ምን ይሆናል? ከሰው ሁሉ እኔ ማወቅ ነበረብኝ። ጭሱ እጥፍ ሆነ። ያ ቀጥ ያለው ግንብ አሁን ተራራ ሆኖ መንገዱ ላይ ተንከባለለ።

ልጄ ዱላዋን ጣለች።

«እማዬ ልትመለስ ነው?»

«አይ፣ የኔ...»

«እኛ ነን ያባረርናት! እንድትመጣ ብለን አይደል ያጨስነው?» ብላ አለቀሰች። ትንሹ እሷን አይቶ አለቀሰ። ጫማውን ፍለጋ ወደ ቤት ሮጠ።

ያኔ ቀልዱ ሁሉ ቀረ። ይህ ታክሲ የመጨረሻው ነው። ነገ ይከፈት አይከፈት የሚያውቅ የለም።

«አፈር!» አሉ ኦቦ። አካፋ ይዘው መጡ። አፈር በአፈር አደረግነው። «አንተ ልጆቹን ይዘህ መንገዱ ላይ ቁም» አሉኝ። «ይዩህ። ልጅ ያለበት መንገድ ዝግ አይደለም።»

ልጁን ትከሻዬ ላይ፣ ልጅቷን በእጄ ይዤ አስፋልቱ መሐል ቆምን። ፊታችን ጥቀርሻ ነው። ልጄ የግቢውን መጥረጊያ ይዛ እንደ ባንዲራ ታውለበልባለች፤ ከዱላው ይልቅ ይታያል ብላ ነው። መንገዱ ጭር ብሏል። አህያዋም አልፋለች። ቆምን። ብዙ ቆምን።

ከዚያ በመታጠፊያው በኩል አንድ ሰው ብቅ አለ። ቀጥሎ ሌላ። ቀጥሎ ብዙ። ከሁሉም ፊት አንዲት ሴት ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ባዶ እግሯን፣ እየተራመደች ነው። ከኋላዋ ተሳፋሪዎቹ ተከታትለዋል፤ ከነሱ ኋላ ወያላው፣ ከወያላው ኋላ ደግሞ ሚኒባሱ በሰው እርምጃ ልክ ቀስ እያለ ይመጣል።

ትንሹ ከትከሻዬ ላይ ሊወድቅ ሲል ያዝኩት። መሬት ሳስቀምጠው ሮጠ። እሷም ሮጠች። ሁለቱም ጫማቸውን በእጃቸው እንደያዙ መንገዱ መሐል ተገናኙ። አንገቷ ውስጥ ገብቶ «ኮቱ፣ ኮቱ» ይላል። ታቅፋው ሳለ እንኳ ይጠራታል፣ ገና ሙሉ በሙሉ ያልደረሰች ይመስል።

ወያላው ደረሰ። ፊታችንን አየ፣ መጥረጊያውን አየ፣ ወገቡን ይዞ ጮኸ፤ «መንገድ የዘጋው ማነው?»

ልጄ እንባዋ ሳይደርቅ መጥረጊያዋን ከፍ አደረገች። «እኔ ነኝ!» አለች። ከዚያ ፍትሐዊ ለመሆን፣ «ኦቦም አሉበት!»

አስፋልቱ በሳቅ ፈነዳ። ቅድም ሲያለቅሱ የነበሩት እናት ልጄን ጉንጯን ይዘው «አንቺ ሽፍታ!» እያሉ ሳሟት። ሾፌሩ ከመኪናው ሲወርድ አወቅሁት፤ ያው የከረጢቱ ዕለት ሰውዬ ነው።

«መምህር፣ ይሄም የተግባር ትምህርት ነው?»

«ነው» አልኩት፣ ምን እላለሁ።

«አሁን ገባኝ ልጄ ቤት ገብቶ ምን እንደሚያስለፈልፈው!»

ባለቤቴ በኋላ ነገረችኝ። ሾፌሩ ሊዞር ሲል ፊቱ መንገዱ ላይ ቆመች። የጎማ ጥቁር ነው፣ የቅጠል ነጭ ነው፣ ብላ እራት ላይ የምሰብከውን በሙሉ አስተማረቻቸው። አንዱ ሰውዬ «ይሄን ማን ነገረሽ?» ሲላት ጣቷን ወደ ጭሱ ቀስራ «እሱ» አለችው። ማንም አላመናትም። እንግዲያው በእግሬ እሄዳለሁ ብላ ጫማዋን አወለቀች። ጭሱ እጥፍ በሆነ ጊዜ ሁሉም ሲጮኹ እሷ ብቻ ሳቀች፤ «አሁን ደግሞ ውሃ ደፍቶበት ነው!» አለች። በዚህን ጊዜ ነው ሰዎቹ ተራ በተራ የተከተሏት።

ሾፌሩ ቢቸኩልም ልጄ አልለቀቀችውም። የእናቷ ክምር አለ። ሁሉም ግቢ ገቡ። «እርጥብ ቅጠል ግን አንድም እንዳይገባ!» ብሎ ሾፌሩ ራሱ ክምሩን ፈተሸ። ባለቤቴ ልጇን እንደታቀፈች በአንድ እጇ ክብሪቱን ጫረች። ደረቁ ቅጠል ያለ ጭስ ቦግ አለ። የማላውቃቸው ሰዎች ዙሪያውን ቆመው እጃቸውን ሞቁ። ኦቦ ከመጀመሪያው ክምር ድንቹን ቆፍረው አወጡ፤ ግማሹ ጥሬ፣ ግማሹ ከሰል፣ ሁሉም ጭቃ። አንዱም አልተረፈም። ወያላው አፉ ሞልቶ «ሲስተር፣ ባልሽ መንገድ መዝጋት እንጂ ድንች መጥበስ አይችልም» አለ። ከዚያ ሚኒባሱ የቀሩትን ይዞ፣ ጥሩንባውን እየነፋ ወደ ገፈርሳ አለፈ።

ያን ማታ ልጁ ያለ እናቱ ሹራብ ተኛ። ልጅቷ ደግሞ ከመተኛቷ በፊት ደወሉን አንዴ መታች፤ የቀኑ ትምህርት አልቋል።

እስቲ እናንተም ሞክሩት። ኅዳር ሲገባ ከልጆቻችሁ ጋር ከረጢት ይዛችሁ ውጡ፣ ቅጠል ልቀሙ፣ ቁልቁለት ካገኛችሁ ተንሸራተቱ፤ ሰው ቢያያችሁ የተግባር ትምህርት ነው በሉ። ክምሩን ለሁለት ክፈሉትና ትልቁን ገና ቤት ላልደረሰው ሰው አስቀሩለት። ድንቹን አትርሱ። እርጥቡን ቅጠል ግን ተዉት፤ ካልሆነላችሁና ጭሱ የግድ ከሩቅ ይታይልን ካላችሁ፣ እባካችሁ አስቀድማችሁ ለታክሲው ሾፌር ደውሉለት።